አንድ ኪኒን ስንት መድኃኒት ነው?

የደብረ ታቦር ብርድ በኅዳርና በታኅሣሥ ምን እንደሚመስል ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ ሌሊቱን በመስኮቱ ስንጥቅ ሲያፏጭ ያድርና ሲነጋ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን የምናድር ሰዎች ነንና አንዱ ዛሬ ካስነጠሰ በሦስተኛው ቀን ስድስታችንም እናስነጥሳለን። ከዚህም የተነሣ ጉንፋንን እንደ በሽታ የሚቈጥረው የለም። ሐኪም ዘንድ የሚሄድለት አይገኝም፤ ኪኒን ተገዝቶ ይዋጣል፤ ካልተሻለ ሌላ ይጨመርበታል። እኔም ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ጉንፋኑ ሳይሆን ስለዚያ «ሌላ ይጨመርበታል» ስለሚባለው ነገር ነው።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ የአልጋ ጎረቤቴ ነው። ልጁ የሐሙሲት ልጅ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ራሱ ፈቅዶልኛል። ባለፈው ታኅሣሥ ጉንፋን ያዘውና ከአንድ የመድኃኒት መደብር «የጉንፋን» የሚባለውን ኪኒን ገዝቶ ሁለት ሁለት እያደረገ በቀን ሦስት ጊዜ ይውጥ ጀመር። ራስ ምታቱ አልለቀው ስላለ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል ጨመረበት። ሌሊት ደግሞ ሳሉ እርሱንም እኛንም እንቅልፍ ስለነሣን፣ የአንዳችን አጎት ከአሜሪካ የላከለትን የሌሊት ሽሮፕ በክዳኑ እየለካን አጠጣነው። በአራተኛው ቀን አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ጓደኛችን ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ ይዞ መጣ። ጊዜው የነቢያት ጾም ነበርና ልጁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን የመብላት ፍላጎት አልነበረውም።

በስድስተኛው ቀን ያስመልሰው ጀመር። በቀኝ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ በታች፣ ሕመም እንደሚሰማው ተናገረ። እኛም «ጉንፋኑ ሆዱ ገባ» ብለን ዝንጅብል አፈላንለት። በማግሥቱ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ ሲያዞር የዓይኑ ነጭ ቢጫ መሆኑን አየንና ይዘነው ወደ ሕክምና ሄድን።

የተቀበሉን ባለሙያ «ምን ምን ወስደሃል?» ብለው ቢጠይቁት «የጉንፋን መድኃኒት» አለ። «ሌላስ?» ቢሉት ዝም አለ። ባለሙያው አስተዋይ ሰው ነበሩና እኛን ከክፍሉ አስወጥተው ብቻውን አነጋገሩት። ለካ ልጁ ሰባት ሳምንት ሙሉ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሲወስድ ቆይቷል። መድኃኒቱን በካልሲ ጠቅልሎ ከሻንጣው ሥር እያስቀመጠ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ እየዋጠ፣ አጠገቡ ከሚተኙ አምስት ጓደኞቹ ደብቆት ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔን «በክፍላችሁ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስበህ አምጣ» ብለው ላኩኝ። በፌስታል አድርጌ አመጣሁላቸው። «አሁን ጮክ ብለህ አንብብ፤ ትልቁን ጽሑፍ ተወው፤ ትንሹን አንብብ» አሉኝ።

ውድ አንባቢ፣ ትንሹ ጽሑፍ የሚለው እንዲህ ነው። «የጉንፋን» የተባለው ኪኒን አንድ መድኃኒት አይደለም። በአንዲቱ ፍሬ ውስጥ አራት መድኃኒቶች ተቀላቅለው ገብተዋል፤ እነርሱም ትኩሳትንና ራስ ምታትን የሚያስታግሰው ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም፣ የታፈነ አፍንጫ ይከፍታል የሚባለው ፌኒልኤፍሪን፣ ንፍጥንና ማስነጠስን የሚያቆመው ክሎርፌኒራሚን፣ እንዲሁም ካፌይን ናቸው። ካፌይን ማለት ያው በቡናችን ውስጥ ያለው ነው። ሽሮፑ ደግሞ በአንድ ክዳን ውስጥ አሲታሚኖፌን 650 ሚሊግራም፣ ሳል የሚያስታግስ ዴክስትሮሜቶርፋን፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ዶክሲላሚን ይዟል፤ ከታች በደቃቅ ፊደል አልኮል 10 ከመቶ ይላል።

አሲታሚኖፌን የሚለውን ስም ሳነብ ባለሙያው አስቆሙኝና «እርሱ ምንድን ነው?» አሉኝ። አላውቀውም ነበር። አሲታሚኖፌንና ፓራሲታሞል አንድ ናቸው። የኬሚስትሪ ሰዎች ፓራ-አሴቲል-አሚኖ-ፌኖል የሚሉትን ረጅም ስም እንግሊዞች በአንድ በኩል ቈርጠው ፓራሲታሞል አሉት፤ አሜሪካኖች በሌላ በኩል ቈርጠው አሲታሚኖፌን አሉት። ከእንግሊዝ ሲመጣ ፓናዶል፣ ከአሜሪካ ሲመጣ ታይሌኖል የሚባለውም ያው እርሱ ነው። በውጭ አገር ዘመድ ያለው ተማሪ ብዙ ነውና በሻንጣ ጥግ ተሽጐጦ የሚመጣው መድኃኒት በሌላ ስም የተጠራ የራሳችን መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን እንደምር። ከጉንፋኑ ኪኒን በቀን ስድስት ፍሬ፣ 3,000 ሚሊግራም። ከፓራሲታሞሉ አራት ፍሬ፣ 2,000 ሚሊግራም። ከሽሮፑ 650። ድምሩ 5,650 ሚሊግራም ይሆናል። ለአንድ ጤነኛ ጎልማሳ በ24 ሰዓት ውስጥ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን 4,000 ሚሊግራም ነው። ልጁ ከልክ በላይ ልውሰድ ብሎ አላሰበም። ሦስቱንም እያንዳንዳቸውን በልካቸው ነው የወሰደው፤ የጠፋው ድምሩን የሚደምር ሰው ነው። እኔ የምህንድስና ተማሪ ሆኜ ይህችን የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ሳልሠራ ሽሮፑን በእጄ ማጠጣቴ እስከ ዛሬ ይቈጨኛል።

ነገር ግን ጉዳዩ የድምር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ጉበት ፓራሲታሞልን የሚሸኝበትን መንገድ በእኛው መንገድ ልመስለው። ከባሕር ዳር የተነሣ መኪና ሐሙሲትን አልፎ ወረታ ሲደርስ ወይ ቀጥ ብሎ ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ ወይም ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ሁለቱም ሰፊ መንገዶች ናቸው። ፓራሲታሞልም ጉበት ሲደርስ አብዛኛው በሁለት ሰፋፊ መንገዶች ተከፍሎ፣ ጉዳት ወደሌለው ነገር ተለውጦ፣ በሽንት ይወጣል። ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር የሚሆነው ግን በሦስተኛ ቀጭን የእግር መንገድ ያልፋል፤ በዚያ ያለፈው ደግሞ መርዝ ይሆናል። ጉበት ይህንን ስለሚያውቅ በእግር መንገዱ ጫፍ ላይ ዘብ አቁሟል። ግሉታቲዮን የሚባለው ይህ ዘብ የሚመጣውን መርዝ እየያዘ ያመክነዋል። ሰፋፊዎቹ መንገዶች ሲጨናነቁ ግን ትርፉ ሁሉ ወደ እግር መንገዱ ይጐርፋል፤ ዘቡ ያልቃል፤ ያልተያዘው መርዝ የጉበትን ሕዋሳት ይገድላል።

መድኃኒቶች ተጋጩ የሚባለውም እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች ያችን የእግር መንገድ ያሰፏታል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን፣ እንዲሁም ያዘወተሩት አልኮል ከእነዚህ ወገን ናቸው። በሌላ በኩል ጾምና የምግብ እጥረት ዘቡን ያሳንሱታል፤ ግሉታቲዮን የሚሠራው ከምንበላው ነውና። እንግዲህ የጓደኛዬን ሁኔታ ተመልከቱ። መንገዱን የሚያሰፋው መድኃኒት በካልሲ ውስጥ አለ፤ ዘቡን የሚያሳንሰው የባዶ ሆድ ውሎ አለ፤ ጭነቱ ከልክ በላይ ሆኗል፤ በላዩ ላይ አረቄ ተጨመረ። ይህን ስል ጾሙን መንቀፌ አይደለም፤ የታመመ ሰው መብላት እንደሚፈቀድለት የሚያውቅ ያውቃል።

ባለሙያውን «ታዲያ ጥፋተኛው ፓራሲታሞሉ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «እንደዚያ አልልህም» አሉኝ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ብቻቸውንም ጉበት ሊጐዱ ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች ከሚሰጡት ከአራቱ መካከል ሦስቱ፣ ማለትም አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናሚድ፣ በዚህ ይታወቃሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲገባ የትኛው መታ፣ የትኛው አጋዘ ማለት አስቸጋሪ ነው። ሆኖም ውጤቱ ይህ ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ መቆም ግድ ሆነ። ጉበቱ እስኪያገግም ድረስ ደሙ እየተመረመረ ቆየና ከዚያ በኋላ መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ፣ እንደገና ተጀመሩለት። ይህን መድኃኒት ማቋረጥ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ፣ በሽታው መድኃኒቱን ሊላመድ እንደሚችል፣ ሁላችንም ሰምተናል። ለራስ ምታት በተዋጠ ኪኒን ምክንያት የስድስት ወር ሕክምና ሊበላሽ ምንም አልቀረውም።

የፓራሲታሞል መመረዝ ማርከሻ እንዳለው ጨምሬ ልናገር። ኤን-አሴቲልሲስቴይን ይባላል፤ ሥራውም ያለቀውን ዘብ መልሶ ማቋቋም ነው። በስምንት ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በጣም ይረዳል። አስቸጋሪው ነገር በመጀመሪያው ቀን ሰውዬው ጥቂት ከማቅለሽለሽ በቀር ምንም ላይሰማው መቻሉ ነው፤ ሕመሙና ቢጫነቱ የሚገለጡት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጉበቱ ከተጐዳ በኋላ ነው። ስለዚህ ከልክ በላይ የወሰደ ሰው «ደኅና ነኝ» ቢልም በዚያው ቀን መሄድ አለበት።

ስለ ፓራሲታሞል ያበዛሁት በብዙ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥ ስለሚገኝ ነው። የቀሩት ባልንጀሮቹም ግን የየራሳቸው ጠብ አላቸው።

አፍንጫ የሚከፍቱት፣ እነ ፌኒልኤፍሪንና ሱዶኤፌድሪን፣ ሥራቸው የደም ሥርን ማጥበብ ነው። በአፍንጫ ውስጥ ያበጠው ሥር ሲጠብ እብጠቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ኪኒኑ ከተዋጠ በኋላ ለአፍንጫ ብቻ ብሎ የሚሄድበት መንገድ የለም። በመላው አካል ያለውን የደም ሥር ሊያጠብብ፣ የደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በዚህ ረገድ ሱዶኤፌድሪን ይበረታል። የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አንዱ እጅ ሲያወርድ ሌላው እጅ ይሰቅላል ማለት ነው። የዚህ ወገን ዘመድ የሆነው ፌኒልፕሮፓኖላሚን በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ሲሰጥ ኖሮ፣ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስን እንደሚያመጣ በመታወቁ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2000 ከገበያ እንዲወጣ ጠየቀ። ስለ ፌኒልኤፍሪንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2023 የዚሁ መሥሪያ ቤት አማካሪዎች በአፍ ሲወሰድ አፍንጫ ለመክፈት እንደማይጠቅም በአንድ ድምፅ አስታውቀዋል። በአራት መድኃኒት ሒሳብ የምንገዛው ኪኒን አንዱ አባሉ ደመወዝ እየበላ የማይሠራ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ለፈተና ሌሊት ጫት የሚቅም ጓደኛ ያለው ሁሉ ደግሞ ይህን ልብ ይበል። ጫትን የሚያነቃቃ ያደረገው ካቲኖን የሚባለው ነገር ሲሆን የኤፌድሪን የቅርብ ዘመድ ነው። ጫት ቅሞ አፍንጫ የሚከፍት ኪኒን የሚውጥ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ደረበ። ለአስም ተብሎ የሚሰጠውን ቴኦፊሊንና ኤፌድሪን የተቀላቀለበትን ኪኒን የሚወስድ ቢሆን ሦስት ደረበ። ከአቦል እስከ በረካ ቡናውን ጠጥቶ በካፌይኑ ላይ ካፌይን ከጨመረበት ደግሞ ልቡ እየዘለለ ቢያድር ምን ይደንቃል?

ክሎርፌኒራሚንና ወገኖቹ ተቃራኒ ናቸው፤ ያደነዝዛሉ። አረቄ፣ ጠጅ ወይም ጠላ ሲጨመርባቸው፣ ፌኖባርቢታል ወይም አሚትሪፕቲሊን ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኙ፣ ማደንዘዙ እጥፍ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የማናስተውለው አንድ ነገር አለ፤ አውቶቡስ ሲሄድ እንዳያስመልሰን የምንውጠው ኪኒንም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ጉንፋን ይዞት ለመንገዱም ኪኒን የዋጠ ተማሪ ወረታ መውረድ ሲገባው ጎንደር ቢነቃ የሾፌሩ ጥፋት አይደለም።

ሳል የሚያስታግሰው ዴክስትሮሜቶርፋን በቀላሉ አይታማም፤ ነገር ግን ለድብርት የሚሰጠውን ፍሉዎክሰቲንን ከሚወስድ ሰው ጋር አይስማማም። ሁለቱም ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ንጥረ ነገር ያበዛሉና ሲደራረቡ መቁነጥነጥ፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም ከፍተኛ ትኩሳት ሊያመጡ ይችላሉ። ሰውም ይህን «ጉንፋኑ ጸናበት» ብሎ ሌላ ሽሮፕ ይጨምርበታል! መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሊነዞሊድም እንዲሁ ከዴክስትሮሜቶርፋንም ከአፍንጫ ከፋቾቹም ጋር ይጋጫል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1984 ኒው ዮርክ ውስጥ ሊቢ ዛዮን የምትባል የ18 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ይዟት ሆስፒታል ገባች። ፌነልዚን የሚባል የድብርት መድኃኒት ትወስድ ነበር። ለመንቀጥቀጡ ፔቲዲን ተሰጣት፤ በማግሥቱ ጠዋት ሞተች። ፔቲዲን የሳል መድኃኒት አይደለም፤ ዴክስትሮሜቶርፋን ግን ከፌነልዚን ጋር የሚጋጨው በዚያው መንገድ ነው።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ ላውሳ። ለጉንፋን ተብሎ በውኃ እየተበጠበጠ የሚጠጣው ዚንክ ያለበት ኪኒን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነውን ዶሉቴግራቪርን በሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል፤ ስለዚህ ዶሉቴግራቪር ከሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከስድስት ሰዓት በኋላ መወሰድ አለበት። ዶክሲሳይክሊንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንንም እንዲሁ ያደርጋቸዋል። የልብ ሕመም ኖሮት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከኢቡፕሮፌንና ከዲክሎፌናክ መራቅ አለበት፤ ፓራሲታሞልም ቢሆን ለብዙ ቀን በተከታታይ ከወሰደ ደሙ ከሚገባው በላይ ሊቀጥንበት ይችላል። ከፎገራ ሜዳና ከሐሙሲት አካባቢ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ደግሞ፣ ነገሩ ወባ ይሁን ጉንፋን ሳይመረመር፣ ትኩሳቱን በጉንፋን ኪኒን ማጥፋት ምልክቱን መደበቅ ነው። ማርና ዝንጅብል፣ የዳማከሴ ጭማቂ በቡና የመሳሰለውን እናቶቻችን የሚያውቁትን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ ማር ሳልን እንደሚያስታግስ ሐኪሞችም ይመሰክራሉ።

አሁን ወደ መደብሩ መስኮት እንመለስ። የመድኃኒት ባለሙያው «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ ሥራው ነው፤ ይጠይቃልም እንበል። ከኋላ አምስት ሰው ተሰልፎ፣ ከአምስቱ ሁለቱ የክፍላችን ልጆች ሆነው፣ «አዎ፣ የነቀርሳ» ወይም «የኤች አይ ቪ» ወይም «የድብርት» ብሎ የሚመልስ ማን ነው? ዝርዝሩን ስንመለከት እኮ ከጉንፋን መድኃኒት ጋር ክፉኛ የሚጋጩት አብዛኞቹ በካልሲ ውስጥ የሚደበቁት ናቸው። ጓደኛዬም በዚያ መስኮት ተጠይቆ ነበር፤ «የለም» ብሏል። ሻጩን ልወቅሰው አልችልም፤ እርሱንም አልወቅሰው። ይልቁንስ ሌሎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ስም በትንሽ ወረቀት ጽፈው፣ አፍ ሳይከፍቱ፣ ከብሩ ጋር አጣጥፈው ይሰጣሉ። ባለሙያው አንብቦ ወረቀቱን ይመልሳል። ሰልፈኛው የሚያየው ብር ብቻ ነው። አንድ መድኃኒት ብቻ ያለበትን ኪኒን መጠየቅም ይቻላል፤ ራስ የሚያመው ሰው ፓራሲታሞል ብቻ ቢገዛ የአፍንጫና የእንቅልፍ መድኃኒት ምን ያደርግለታል?

ጓደኛዬ በጥር ዕረፍት ወደ ሐሙሲት ሄደ። እናቱ የደም ግፊት አለባቸው፤ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። ከመድኃኒታቸው ጎን፣ በዚያው በጠርሙሱ ሣጥን ውስጥ፣ እርሱ ራሱ በኅዳር ለሐሙስ ገበያ በመጣ ሰው እጅ የላከላቸውን የጉንፋን ኪኒን አገኘው። ከአሥሩ ፍሬ አራቱ ጐድለዋል።

«እማዬ፣ ይህን ስትውጪው ምን ተሰማሽ?» አላቸው።

«ምንም አላለኝ ልጄ» አሉት። «ልቤን ድው ድው ያደርገኝ ነበር፤ የቡናው ነው ብዬ ቡናውን ተውሁት።»